ከባንኮኒ ኋላ ተነስተን ብስክሌት ላይ
(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ በባለሱቆች ቡድን ስም የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ብስክሌቱ ጉዞ ተናገሩ ሲለን መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ንግግር የሚያውቁ ዶክተሮችና ኢንጂነሮች ሞልተውናል። እኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምረን፣ የቀረውን ከሚዛንና ከደንበኛ የተማርን ባለሱቆች ነን። ኮሚቴው ግን «ገንዘቡን የሰበሰባችሁት እናንተ፣ ለሳምንት መቀመጥ ያቃታችሁም እናንተ» አለን። መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ቆመን እንናገራለን።

ነገሩን ላልሰማችሁ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ2024 የኬንያ የጀግኖች ቀን፣ እነሱ ማሹጃ የሚሉት፣ እሑድ ስለዋለ ማግስቱ ሰኞ ኦክቶበር 21 ሥራ ተዘጋ። በዚያ ሰኞ ሰባት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ሆነን በናይቫሻ ሐይቅ በኩል 40 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ሄድን። ከዘጠኛችን ሃምሳ ዓመት ያልደፈነ አንድ ብቻ ነው። ከስድስት ወር በፊት ብስክሌት መንዳት የምንችለው ሦስት ነበርን፤ እኛም ብንሆን በልጅነታችን በስሙኒ ተከራይተን ሜዳ ላይ ከዞርን ወዲህ ነክተነው አናውቅም። (ዓመቶቹን የምንጠራው እዚህ አገር በምንሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አባቶች ይቅር በሉን።)

አሁን ለምን እንደሄድን እንናገር። ከሞያሌ ተነስቶ በናይሮቢ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ የሚደርሰውን መንገድ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የሚነሱ ወጣቶች ይበዙበታል። ማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ። ዲሴምበር 2022 ከሉሳካ ወጣ ብሎ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በሁለቱም ጊዜ ዜናው ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ሲል፣ እኛ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮኑን ዘግተን ተያየን። ሁላችንም አንድ ነገር ነበር ያሰብነው፤ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ በእኛ ሱቅ በር አልፎ ይሆን፣ ስንቱ ውኃ ገዝቶን ይሆን።

እዚሁ አገር የሚያዙም አሉ። ያለ ፈቃድ ገብታችኋል ተብለው ይፈረድባቸዋል፣ ቅጣታቸውን ይጨርሳሉ፣ ከዚያ ወደ ድንበር ይመለሳሉ። በነጠላ ጫማ የተያዘ በዚያው በነጠላ ጫማ ነው የሚወጣው። እናቱ ሞቷል ብላ ለቅሶ የተቀመጠችለት ልጅ አጋጥሞናል፤ ልጁ ግን በሕይወት ነበር፣ ስልክ መደወያ አጥቶ እንጂ። ማኅበራችን በኤምባሲያችን በኩል እየጠየቀ፣ በሕጋዊው መንገድ፣ ለነዚህ ልጆች የአውቶቡስ ቲኬት፣ ጫማ፣ ሹራብ፣ ስንቅና የስልክ መደወያ ያቀርባል። ከናይሮቢ ሞያሌ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ የማርሳቢት የሌሊት ብርድ ደግሞ በከነቴራ አይቻልም። በ2024 መጀመሪያ ላይ የዚህ ሥራ ሣጥን ባዶ ሆነ። ሒሳብ ያዣችን ደብተሩን ገልብጣ አሳየችን፤ የሚጠብቁት ልጆች ስም ዝርዝር ከገንዘቡ ይረዝማል።

እንደ ልማዳችን መዋጮ እንበል? መዋጮን የምንነቅፍ አይደለንም፤ በዚህ አገር ሬሳ የሸኘነው፣ አራስ የጠየቅነው በመዋጮ ነው። ነገር ግን መዋጮ የሚወጣው ሁልጊዜ ከዚያው ኪስ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ አዋጥተን ነበር። እዚሁ ናይሮቢ የተወለደች አንዲት የአባላችን ልጅ በስብሰባው ላይ እጇን አውጥታ «ለምን ጎረቤቶቻችሁን አትጠይቁም?» አለች። ለባዕድ ሰው ስለ እኛ እስረኛ ማን ይናገራል ብለን ዝም አልን። እሷ ግን አልተወችንም። እዚህ አገር ሰው ዝም ብሎ አይለምንም፣ ሮጦ ወይም ተራምዶ ነው የሚለምነው አለች። እውነቷን ነው፤ የማተር ሆስፒታል የልብ ሩጫ የሚባለውን፣ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ማሳከሚያ ገንዘብ የሚሰበሰብበትን፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከሱቃችን በር ላይ ሆነን ቲሸርቱን ስናይ ኖረናል።

ለሩጫ ጉልበታችን እሺ አይልም። ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚሸጥ ሰው ሆዱ ይገፋል፣ ጉልበቱ ይደክማል። ብስክሌት ላይ ግን ክብደትን የሚሸከመው ኮርቻው ስለሆነ ጉልበት ያርፋል። እንግዲህ እንዲህ ተባለና ብስክሌት ሆነ።

ተቃውሞ አልጠፋም። አንድ የምናከብራቸው አባት «በዚህ ዕድሜ ሳይክል? የልጅ ጨዋታ አይደለም እንዴ!» አሉን። እኛም አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ እንደነበር ነገርናቸው። ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑንም ጨመርን። በጁላይ 2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲወስድ ኢስሊ ውስጥ ከኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ጮኸናል። ያን ዕለት ሱቅ የሚጠብቅ አልነበረም። አራት ጊዜ ቱሩን ያሸነፈው ክሪስ ፍሩምም እዚሁ ናይሮቢ የተወለደ ነው። አባታችን ሁሉንም ሰምተው «እነሱ ሆድ የላቸውማ» አሉና ለመጀመሪያው ቃል ገቢ ሆነው ፈረሙልን። በኪሎ ሜትር አሥር ሽልንግ።

ይህ የቃል ገቢ ነገር ነው ከሁሉ በላይ ልንነግራችሁ የፈለግነው፤ ብስክሌቱ ራሱ ሰበብ ነው ማለት ይቻላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ደብተር ትይዛላችሁ፣ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚከፍለውን ይጽፋል። ሃያ ሽልንግ የጻፈ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁለት 800 ሽልንግ ይከፍላል። ሃያ ሽልንግ ለሰው ቀላል ናት፤ 800 ስጠኝ ብትሉት ግን ፊቱን ያጠቁራል። ባለሱቅ ይህን ያውቃል፤ ስኳር በኪሎ የማይገዛ ሰው በሩብ ይገዛል።

ሁለተኛው ነገር ለእኛም አዲስ ነበር። ጥሩ ጋላቢ የሆነ ሰው ደብተር ቢይዝ ሰው «ይበርታ» ብሎ ያልፈዋል። ጀማሪ ሲይዝ ግን ሰው ይቆማል። ሃያ ዓመት ከባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ ያየው፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው አርባ ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ ሲለው ይስቃል፤ ከሣቀ በኋላ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ለምን ብሎ ከጠየቀ ስለ ልጆቹ ሊሰማ ነው። አጠገባችን ጨርቅ የሚሸጠው ሶማሌ ጎረቤታችን ስለ ቴቴው ኮንቴይነር ስንነግረው ሣቁን አቁሞ መዝገቡን ተቀበለን። የእሱም ወገን በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ በባሕሩም በኩል ይሄዳል። በኪሎ ሜትር 50 ሽልንግ ጻፈና «ብትወድቁ እጥፍ እከፍላለሁ» አለ። ቢያሻራ ስትሪት ያለው ዕቃ የምናወጣበት ህንዳዊ ጅምላ ሻጭም ጻፈልን። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እህታችን ደግሞ እንጀራ በገዛ ኬንያዊ ደንበኛ ሁሉ ፊት መዝገቧን ታስቀምጥ ነበር፤ ከዘጠኛችን ብዙ ስም የሞላችው እሷ ናት። መንዳት ግን ፈጽሞ የማትችለውም እሷ ነበረች።

ቃል የገባ ሁሉ እንደማይከፍል ለባለሱቅ አይነገርም። ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ብለን በር ላይ የለጠፍን ሰዎች ነን። ስለዚህ ደንቡን ከመነሻው እንዲህ አደረግን፤ ግማሹ ስም ሲጻፍ፣ ግማሹ ሄደን ስንመለስ። ከ2007 ጀምሮ ኤም ፔሳ ያለበት አገር ስለሆነ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ የለም የሚል ምክንያት አይሠራም። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ይገባል፣ በማናችንም ስልክ አያልፍም። ይህንን አጥብቃችሁ ያዙ። በሰው ገንዘብ ላይ አንድ ሐሜት ከተነሳ አርባ ኪሎ ሜትር አይደለም አራት መቶ ብትሄዱ አይመለስም።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። ቦታችን የካሩራ ጫካ ነበር። ወደ አንድ ሺህ ሄክታር የሚሆን፣ በከተማው መሐል ያለ ጫካ ነው፤ መኪና የማይገባበት የእግርና የብስክሌት መንገድ አለው፣ ብስክሌትም ይከራያል። ለልጆቻችሁ አንድ ነገር ንገሩልን፤ ይህ ጫካ ለሕንፃ ተቆራርሶ ሊቀር ሲል በ1999 በጃንዋሪ ወንጋሪ ማታይ ዛፍ ልትተክል ሄዳ የተደበደበችበት ጫካ ነው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። እኛ ያንን ጥላ ያገኘነው በእሷ ደም ነው።

ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ብስክሌት የሚማረው እንደ ልጅ ከኋላ በመደገፍ አይደለም። ማን ይደግፈዋል? ዘጠና ኪሎ ነው! የብስክሌት ፈንዲያችን መላውን ያውቅ ነበር። ሁለቱንም ፔዳሎች ፈታ፣ (የግራው ፔዳል ብሎን በተቃራኒው እንደሚዞር ያን ቀን አየን፤ ያልታወቀ እንደሆነ ሲታገሉት ይውላሉ) ኮርቻውን ሁለት እግር መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አደረገና ቀስ ብሎ በሚወርድ ሣር ላይ አስቀመጠን። በእግር መሬቱን እየገፉ መንሸራተት ብቻ ነው። ሚዛኑ ሲገኝ እግር ራሱ ይነሣል። እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን በሁለተኛው ቅዳሜ እግሯን አንሥታ ሃያ ሜትር ያህል ወረደች፤ እልልታውን ራሷ አቀለጠችው። ከዚያ ፔዳሉ ተመለሰ፣ ኮርቻውም ከፍ አለ። የኮርቻ ልክ የሚታወቀው ተረከዝን ታች ባለው ፔዳል ላይ አድርጎ እግር ቀጥ ሲል ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ይጎዳል፤ ጀማሪ ግን ፈርቶ ሁልጊዜ ዝቅ ያደርገዋል።

በስምንት ሳምንት ከአምስት ኪሎ ሜትር ተነስተን ሠላሳ ደረስን። አርባውን ቀድሞ መሄድ አያስፈልግም፤ ሠላሳ የቻለ በዕለቱ አርባ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ሁላችንም ደምና ስኳር ተለካን። ሁለታችን የስኳር መድኃኒት እንወስዳለን፣ ሦስታችን የደም ግፊት አለብን። ሐኪሙ አትሂዱ አላለም፤ ቀስ በሉ፣ የስኳሮቹ ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ ነው ያለው። ምግባችንን ከየትም አላመጣንም። ፈረንጆቹ በወርቅማ ወረቀት የሚጠቅሉትን ጣፋጭ አይተነው ነበር፤ ዋጋውን ስናይ መልሰን አስቀመጥነው። በሶ በማር በጥብጠን፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ያዝን። በሶ ገበሬና ወታደር ስንት ተራራ የወጣበት ስንቅ ነው፣ ለጾመኛም ይሆናል። ውኃ ሳይጠማ መጠጣት አለበት፤ በየሩብ ሰዓቱ ጉንጭ ጉንጭ።

ስለ ልብሱ ጥቂት ብቻ። ስፖንጅ የተሰፋበት ቁምጣ አለ፣ ጊኮምባ ገበያ ሚቱምባ ውስጥ ተፈልጎ ይገኛል። ወንዶቹ ማፈራችን አልቀረም፤ ሰፋ ያለ ሱሪ ከላይ ደረብንበት። ሴቶቹ ከመጀመሪያውም ሱሪ ነበሩ። የራስ ቁር ግን ለድርድር አይቀርብም። መንገዱ በግራ መሆኑንም አትርሱ፤ በቀኝ መሄድ የለመደ እግር ሲደነግጥ ወደ ቀኝ ነው የሚሸሸው፣ እዚያ ደግሞ ማታቱ አለ።

የጉዞው ዕለት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከናይሮቢ ወጣን። (ስዋሂሊም ሰዓቱን እንደ እኛው ይቆጥራልና ከሾፌሩ ጋር አልተቸገርንም።) ብስክሌቶቹ በፒክአፕ፣ እኛ በሚኒባስ። ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርደው አሮጌ መንገድ ላይ ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1942 መንገዱን የሠሩ የጣልያን እስረኞች ያነጿት ናት፤ በእኛ አገርና በአካባቢው ጦርነት የተማረኩ ናቸው። ነጋዴ ወንድማችን በጨለማው ውስጥ መብራቷን አይቶ «እነሱስ ቤታቸው ገቡ» አለ። ሌላ ማንም አልተናገረም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከናይቫሻ ከተማ ዳር ተነሣን። መንገዱ በሐይቁ ደቡብ በኩል ይሄዳል፤ በግራም በቀኝም የአበባ እርሻ ነው፣ ልክ እንደ ዝዋይ። ለነገሩ ያው አንድ ስምጥ ሸለቆ አይደል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ኪሎ ሜትሮች እጅግ ኮራን። ከዚያ ወደ አበባ ቤት ሥራ የሚሄድ አንድ ሰው፣ ጥቁር ማምባ በሚሉት ከባድ የብረት ብስክሌት ላይ ሚስቱን ከኋላ ጭኖ፣ «ሐባሪ ዘ አሱቡሂ» ብሎን አለፈ። በካልቾ ጫማ ነበር። ሰላምታውን ለመመለስ ትንፋሽ ያገኘ የለም። ይህ አገር እኮ ሰውን በብስክሌት መጫን የጀመረው ጥንት ነው፤ ቦዳ ቦዳ የሚለው ቃል ራሱ ቡሲያ ላይ ከኬንያ ድንበር ወደ ኡጋንዳ ድንበር ሰው በብስክሌት ያመላልሱ ከነበሩት ልጆች የመጣ ነው ይባላል፤ ድንበር ድንበር እያሉ መንገደኛ ይጠሩ ነበርና።

ወደ ሄልስ ጌት ፓርክ በር የሚወስደው መንገድ ዳገት አለው። ማርሽ የሚቀነሰው ዳገቱ ሳይጀምር ነው፤ መሐል ላይ ሲቀንሱት ካቴናው ይወልቃል። ሁለቱ ወረዱና እየገፉ ወጡ። እዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሣ፤ የተገፋ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? በስልክ ሶማሌው ጎረቤታችን ተጠየቀ። ትንሽ አሰበና «ብስክሌቱ ሄዷል?» አለ። ሄዷል አልን። «እንግዲያው ይቆጠራል።» ከሱ የተሻለ ዳኛ አላየንም።

ፓርኩ በ1984 የተከለለ፣ 68 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ነው። በኬንያ በእግርና በብስክሌት ከሚገባባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ስለሆነ ለጀማሪ ይስማማል፤ የጭነት መኪና የለም። የሜዳ አህያው፣ ከርከሮው ቆሞ ያያችኋል። ጎሽ ካያችሁ ግን ርቃችሁ ጠብቁ፣ ጎሽ አይታመንም። መንገዱ ጠጠርና አሸዋ ነው፤ የፊት ፍሬን ብቻውን የያዘ በመሪው ላይ ያልፋል። ሁለቱን በእኩል፣ በቀስታ። የግራር እሾህ ሁለት ጎማ አፈነዳብን፤ ትርፍ ካላማዳሪ ይዘን ስለነበር ተቀየረ። እሾኹን ከጎማው ውስጥ ሳትነቅሉ ካላማዳሪ ብትቀይሩ ግን ከመቶ ሜትር በኋላ እንደገና ትቆማላችሁ፣ በጣታችሁ ዳስሱት።

ነፋሱ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ ከፊት ለፊት መጣ። በተርታ ተከታትሎ መሄድ፣ ከፊት ያለው ሲደክም ወደ ኋላ መመለስ እንዳለበት ፈንዲው አስተምሮን ነበር፤ ፊት የሚሄደው ነው ነፋሱን የሚከፍለው። ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከስኳሮቹ አንዱ ወንድማችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንግግሩ ተሳሰረ፣ ላቡ ቀዘቀዘ። አስቀመጥነው፣ ከረሜላና ጭማቂ ሰጠነው፣ በመለኪያው ለካነው፤ ዝቅ ብሏል። ሃያ ደቂቃ ሁላችንም ዛፍ ሥር ዝም ብለን ቁጭ አልን። የሚያወራም አልነበረም፤ ቤቱ ያሉትን አራት ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሲመለስለት መጀመሪያ የተናገረው «ቃል ገቢዎቼ» የሚል ነው። እኛም «ዝም በል» አልነው። ተከታዩ መኪና ውስጥ ገባ። ከቃል ገቢዎቹ ሃያ ስድስቱ ሙሉውን አርባ ከፈሉለት፤ አንዱ በሃያ ስምንት አስልቶ ከፈለ። ሒሳብ ነው፣ አልከፋንም።

ከገደሉ አፍ ላይ ተመለስን፣ ወደ ውስጥ አልወረድንም። በዚያ ጠባብ ገደል ውስጥ ድንገተኛ ጎርፍ በ2012ም በ2019ም ሰው ወስዷል፤ በተራራው ላይ ደመና ካያችሁ ቆንጆ ፎቶ ይቅርባችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ደረስን። ሴቶች እናቶቻችን ቀድመው መጥተው ቡና አፍልተው፣ ሽሮ ይዘው ጠበቁን። ቁጭ በሉ ሲሉን ቆመን እንበላለን አልን።

ሒሳቡ ይህ ነው፤ ሰነዱ ሒሳብ ያዣችን ዘንድ ስላለ ማየት የፈለገ ይይ። የገባው በጠቅላላ 236,400 ሽልንግ ነው። ከዚህ ውስጥ ከአባሎቻችን የመጣው 78,000 ብቻ ነው፤ የቀረው ከጎረቤትና ከደንበኛ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ለመሰብሰብ ስድስት ሳምንት ፈጀብን፤ አሁንም ያልከፈሉ አሉ፣ ሱቃችን ሲመጡ ስኳር ከመመዘናችን በፊት እናስታውሳቸዋለን። የሚኒባሱን፣ የፒክአፑንና የፓርኩን መግቢያ ዘጠኛችን ከኪሳችን ስለቻልን ከተሰበሰበው አንድ ሽልንግ አልተነካም።

በዚያ ገንዘብ እስከ ማርች 2025 ድረስ 31 ልጆች ወደ ሞያሌ ተሸኝተዋል፤ ቲኬት፣ ጫማ፣ ሹራብ፣ ስንቅ፣ መደወያ። ከነሱ መካከል አንዱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ጫማውን እያሠረ ገንዘቡን ማን እንደሰጠ ጠየቀ። እህታችን ስልኳን አውጥታ በዳገቱ ላይ ብስክሌት ስትገፋ የተነሣችውን ፎቶ አሳየችው። ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየና «እማማ፣ ወደቁ?» አላት። «ሁለቴ» አለችው። ሣቀ። አስተናጋጁ በር ሲዘጋ ገና እየሣቀ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ እናቱ ደወለች፤ በሃዲይኛ ስለተናገረች ቃሉ አልገባንም፣ ስታለቅስ ግን ሰማን።

ለሚቀጥለው ጉዞ ስም የምንጽፈው እንጀራ ቤት ባለው መዝገብ ላይ ነው። ዕድሜ አንጠይቅም፤ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ወረቀት ግን እንጠይቃለን። መንዳት የማትችሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ካሩራ በር ላይ እንገናኝ፤ ፔዳል መፍቻውን እኛ እንይዛለን። አምስት ትርፍ የራስ ቁር አለን፣ ሁለቱ የልጅ ልክ ናቸው።